በቅቤ የታሸ ስንቅ

በጣሊያን ጊዜ ባሌ ከአርበኞች ጋር ሆኖ ከጮቄ ተራራ ማዶ፣ በጉንደ ወይን በኩል ነበር። ከክረምቱ ወዲህ ዓይኑን አላየሁም። አንድ ቀን በገበያተኛ አፍ «እስከ እሑድ እዚሁ ነን፤ ከዚያ ወዴት እንደምንሄድ አላውቅም» የሚል ቃል ላከብኝ። ሌላ ሴት ብትሆን ቁጭ ብላ ታለቅስ ይሆናል። እኔ ገብስ ቆላሁ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ፈጨነው፣ በቅቤ አሸነው፣ ጭኮውን በሦስት ስልቻ ሞላንና ሰኞ ጎህ ሲቀድ ተራራውን ተያያዝነው።

አንደኛዋ ጓደኛዬ ባሏ በጦርነቱ የሞተባት መበለት ናት። ወግ ካልያዘች እግሯ የማይንቀሳቀስ ሴት ነበረች። ሁለተኛዋ የሁላችንም ታናሽ ስትሆን ወንድሟ ከባሌ ጋር ነው፤ እሷ ደግሞ ጥላዋን ትፈራለች። ደህናውን መንገድ ባንዳ ስለሚጠብቀው ዳገቱን ፊት ለፊት ወጣነው። የአስታው ጫካ አልቆ የውርጭ አገሩ ተክል ጅባራ ብቻ ሲቀር ብርዱ ጥርስ ያፋጭ ጀመር፤ የስልቻው ጠፍር ትከሻዬን ልጦታል። የአገሩ ሰው ጮቄን በጥቂት ቀን ያቋርጠዋል፤ እኛ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን እየተንፏቀቅን ነበር።

ቀትር ላይ ነፋስ ከማይመታው ቋጥኝ ሥር ተቀምጠን ስልቻ ፈታን። ሁለት ሦስቴ እንደጎረስን የጓሳ ሣር የተሸከመች ሴት ከላይ ወረደች። ሰላምታዋን ሳትጨርስ ዓይኗ እጃችን ላይ አረፈና አማተበች።

«በስመ አብ! በሁዳዴ ቅቤ?»

«ሁዳዴማ የሚገባው ለሳምንት ነው» አልኳት።

«ኧረ ዛሬ ገባ እቴ!»

ቀዬአችን ከተቃጠለ ወዲህ ከገደል ገደል ስንሸሽ ነው የከረምነው። ቄሶቻችን ተበትነዋል። ጾሙ በየዓመቱ ቀኑን ይለውጣል፣ የሚያስታውቅ ካህን ይፈልጋል። ነነዌም ለካ ሳናውቃት አልፋ ኖሯል። በራሳችን ጣት ቆጥረን በሳምንት ተሳስተናል።

ታናሿ የጎረሰችውን ተፋች። መበለቷ ግን ዋጥ አደረገችና «እኔስ ሳልሰማ ነው የጎረስኩት» ብላ አፏን ጠረገች።

«እንመለስ» አለች ታናሿ። «እግዜር ተመለሱ ሲለን ነው።»

ደሜ ፈላ። «ተመለሱ ሊለን ቢፈልግ ዳገቱ ሥር ሳለን አይነግረንም ነበር?»

ብንመለስ ሌላ ስንቅ እስክናሰናዳ እሑድ ያልፋል፣ ባሌም ይሄዳል። መበለቷ «ለአርበኛ እኮ ይፈቀድለታል ይባላል» ብላ ልታባብለኝ ሞከረች።

«ባሌን አታውቂውም» አልኳት። «ጠመንጃ ደግኖም ይጾማል። ስንቁን ባይበላውም ዓይኑን አየዋለሁ። እኔም ጦሜን እሄዳለሁ፤ የምትመለሱ ተመለሱ!»

ስልቻዬን አንሥቼ ሄድኩ። ወደ ኋላ ያልዞርኩት ኮርቼ አልነበረም፤ ሳለቅስ እንዳያዩኝ ነው። ብቻዬን ማዶውን እንደማልደርስ አውቀዋለሁ። ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ ማለክለክ ሰማሁ።

«ቆይ እንጂ አንቺ!» አለች መበለቷ። «የኮራ ሰውም እኮ ያርፋል!» ታናሿም እየተነፋረቀች ተከትላታለች። በዚያች ሰዓት የወደድኳቸውን ያህል ሰው የወደድኩ አይመስለኝም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በረሃብ እየተንገዳገድን አንዲት ጎጆ ደረስን። «የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን» አልን። አንዲት አሮጊት ብቅ ብለው «ግቡ ልጆቼ፣ ቤት የእግዜር ነው» አሉን። ከመጋረጃው ጀርባ የሕፃን ልቅሶ ሰማን። «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አልን ሦስታችንም ባንድ አፍ።

አሮጊቷ አንገታቸውን ደፉ። «ምን ዋጋ አለው፣ ላሞቹን ባንዳ ነድቷቸው ምራቴን ያለ ቅቤ እያረስኳት ነው። የሚቀመስ ቅባት ከቤቴ ከጠፋ ሰንብቷል» አሉ።

እርስ በርሳችን ተያየን። አራስ አትጾምም! መበለቷ እስክታነባ ሳቀች። ስልቻውን ስንፈታው የቅቤው ሽታ ጎጆዋን ሞላት።

«ማን ላካችሁ ልጆቼ?» አሉ አሮጊቷ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው።

«ስሕተታችን ነው እናታለም» አለች መበለቷ።

ጭኮውን በሙሉ ሰጠናቸው። እሳቸውም ጎተራቸውን ከፍተው ገብስ ቆሉልን፤ ስልቻዎቻችን ዳግመኛ ሞሉ። እኛም እሳት ዳር ተቀምጠን ቆሏችንን በውኃ እያወራረድን ጠገብን።

ልንተኛ ስንል፣ ወዴት እንደምንሄድ ስናወራ የሰማችው አራሷ ጠራችኝ። «ባልሽ ካለበት ባሌም አለ» ብላ የባሏን ስም ነገረችኝ። «ወንድ ልጅ ተወለደልህ በይልኝ። አባቱ ያውጣለት ብለን እስካሁን ስም የለውም። ስትመለሺ ስሙን ይዘሽልኝ ነይ።»

መንገድ ስጀምር የማስበው መድረሱን ብቻ ነበር። «ስትመለሺ» ያለኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ለራሴ ብዬው አላውቅም።

«ይዤልሽ እመጣለሁ» አልኳት። እንደምመለስ ያመንኩት ይህን ስናገር ነው።