ሰው የሚያስነሣው ዜማ

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እሱ ዜማ ሊሠራ ኮምፒውተሩን ሲከፍት የቤቱ ሰው ሁሉ ሥራው ትዝ ይለዋል። ሚስቱ የተሰጣ ልብስ አለኝ ብላ ትወጣለች። ሶፋው ላይ ተንጋሎ ኳስ ሲተነትን የቆየው የሚስቱ ወንድም ቀጠሮ እንዳለው ድንገት ይገለጥለታል። የጎረቤት ድመት እንኳ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ቆይታ፣ የመጀመሪያው ድምፅ እንደተሰማ ተንጠራርታ ውልቅ ትላለች። ክፉ ቃል የሚናገረው የለም። የሚያበሽቀውም ይኸው ነው፤ ቢሰድቡት እኮ ሰምተውታል ማለት ነው።

ሙያው ጥገና ነው። በአንድ የዓይን ክሊኒክ ውስጥ አምፖል ይቀይራል፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያጠብቃል፣ እግሩ የላላ ወንበር ያስተካክላል። ሳያገባ በፊት ግን በሠርግ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ ይጫወት ነበር። የተባረረው መጫወት አቅቶት አይደለም። ኪቦርዱ ጎን ላይ ያለችውን ድምፅ የምታጥፍ ትንሽ መዘውር በአውራ ጣቱ እየነካካ፣ ዜማውን ትንሽ ዝቅ ትንሽ ከፍ ማድረግ ስላበዛ ነው። አንድ ቀን ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ እንዲሁ ቢያደርግ፣ የሙሽሪት አባት መብራት የደከመ መስሏቸው ጄኔሬተሩን ሊያዩ ሮጡ። ባንዱ ከዚያ በኋላ አልፈለገውም።

«በነጩና በጥቁሩ ቁልፍ መካከል ያለውን ድምፅ ማን ወሰደው?» ይላል ለጠየቀው ሁሉ። በሱ አባባል ፒያኖ ደረጃ ነው፤ እግር የሚያርፈው በተሠራለት ቦታ ብቻ ነው። የሰው ጉሮሮ ግን ዳገት ነው፤ ደስ ያለህ ቦታ ላይ ትቆማለህ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያገኘው ድምፅ ፈጣሪ፣ ሲንተሳይዘር የሚሉት፣ በእጅ የሚጨበጥ ነገር የለውም፤ ስክሪን ላይ የተሳሉ ቁልፎችና መዘውሮች ያሉት ሶፍትዌር ነው። አንድ ጠባይ ግን አለው፦ ቅኝቱን እንዳዘዙት ይቀበላል። በሁለት ጎረቤት ድምፆች መካከል ሌላ ድምፅ ጨምር ሲሉት፣ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ይህን ለሰፈሩ ሰው ሲያስረዳ «ሩብ ድምፅ» የምትል ቃል አመለጠችውና፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ስሙ «ሩብ ጉዳይ» ሆኖ ቀረ።

የሚመኘው ትልቅ ነገር አልነበረም። መድረክም ጭብጨባም አላማረውም። አንድ ሰው አንዱን ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ ቢሰማለት ይበቃዋል። ሥራው ደግሞ ድንች እስኪበስል እንኳ አይቆይም።

እርግጥ አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ይቀመጣሉ፤ እሳቸውን መቁጠር ግን ራስን መደለል መሰለው። ልጅ ልያዝላችሁ ብለው መጥተው እዚያው የቀሩት አማቱ፣ ለወገባቸው የምትመቻቸው ወንበር ከስፒከሩ አጠገብ ያለችው ናት። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ወዲያ ወዲህ ማለትም አይሆንላቸውም። ማዳመጫ እንዳያደርግ፣ ገመዱን ልጁ በአዲስ ጥርሷ አድቅቃዋለች። ስለዚህ አማቱ ሕፃኗን እግራቸው ላይ አስተኝተው፣ አተር እየፈለፈሉ፣ እያማረሩ ይሰማሉ። መሄጃ ያጣ ሰው አድማጭ አይባልም።

አንድ ቅዳሜ፣ ይኼ ነገርህ ዘይት ያጣ በር ነው የሚመስለው አሉት። እሱም ባለሙያ ነውና ተነሥቶ የጓዳውን በር ማጠፊያ ዘይት ቀባው። በሩ ዝም አለ።

«እንግዲህ ያንተንም ቀባው» አሉ አማቱ።

ክሊኒኩ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። በመጠበቂያው አዳራሽ ለባለተራ የሚደወለው ደወል እንደማንኛውም ደወል ነበረ፤ ስልክም እንደዚያው ይላል፣ ሊፍትም እንደዚያው ይላል፣ ማን ከቁብ ይቆጥረዋል? ግማሹ ሰው ያንቀላፋል፣ ግማሹ ስልኩ ላይ ተደፍቷል። ቁጥሩ ግድግዳው ላይ ይበራል እንዳይባል፣ ዓይኑን ሊታከም የመጣን ሰው ከግድግዳ ቁጥር አንብብ ማለት ምን ማለት ነው? ተራ የምትጠራው ነርስ ስትጮህ እየዋለች፣ በመጨረሻ ድምፅዋ ተዘግቶ በእጇ ማውራት ጀመረች። አስተዳዳሪዋ ጠርተው፣ ሰው የሚሰማው ደወል ግጠምልን አሉት።

እሱ የዚያኑ ዕለት ማታ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ከሥራዎቹ ሁሉ አብልጦ የሚወደውን መረጠና የመግቢያውን ሦስት ድምፆች ቆርጦ ደወሉ ላይ ጫናቸው። መካከለኛው ድምፅ ፒያኖ ላይ ቢፈለግ አይገኝም።

ሰኞ ጠዋት ደወሉ ሲጮህ አዳራሹ በሙሉ ቀና አለ። እንቅልፉ በነነ፣ ስልኩ ወረደ፤ ባለተራው እንደተቆነጠጠ ሰው ከወንበሩ ተፈናጠረ። አስተዳዳሪዋም ከቢሯቸው ብቅ ብለው ምኑ ነው የተበላሸው ብለው ጠየቁ። እሱ ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ደረጃውና ስለ ዳገቱ ማስረዳት ያዘ። አስተዳዳሪዋ ግን ዓይናቸው ወረፋው ላይ ነው። ወረፋው እንደ ውኃ ይፈስሳል።

«በቃ አትንካው» አሉት። «ተበላሽቶ ነው የሚሠራው። ብታስተካክለው ይበላሻል።»

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ቢነግራት ሳቋን መዋጥ አቃታት። እዚህ ሰው የምታስነሣው በነፃ ነበር፣ እዚያ በደሞዝ ሆነልህ፣ ተመስገን በል አለችው። እሱ ተመስገን አላለም። ያን ሁሉ ሕዝብ የሚሰማው ዜማ ሠርቶ፣ የሰማው ሁሉ ተነሥቶ ይሄዳል።

የአማቱ ሞራ የሚታይበት ቀን ደረሰ። ሚስቱ ሕፃኗን ይዛ ስለቀረች፣ እሱ አማቱን ደግፎ ወሰዳቸው። ካርድ አወጣላቸው፤ ደወሉ ሲጮህ ነርሷ ትጠራዎታለች ብሎ መካከለኛው ረድፍ ላይ አስቀመጣቸውና፣ መሰላል ይዞ አዳራሹ ጥግ ያለውን አምፖል ሊቀይር ወጣ። ከላይ ሆኖ ሁሉም ይታየዋል። ደወሉ ይጮሃል፣ ሰው ይነሣል፣ ይገባል።

የአማቱ ቁጥር በራ። ደወሉ ጮኸ። አዳራሹ ሁሉ ቀና ሲል እሳቸው ቦርሳቸውን እንዳቀፉ ንቅንቅ አላሉም። ነርሷ ደግማ ተጫነችውና ቁጥራቸውን ጠራች፤ አሁንም ከወንበራቸው አልተነሡም። ሌላ ሰው ገባ። እሱ አሮጌውን አምፖል ኪሱ ውስጥ ወሽቆ እየተንደረደረ ወረደ።

«እማማ፣ ተራዎ አለፈ እኮ። ደወሉን አልሰሙትም?»

«የምን ደወል?»

«አሁን የጮኸው ነዋ።»

«እሱማ ያንተ ነገር ነው» አሉት። «እዚህም ይዘኸው መጣህ ብዬ እስኪያልቅ ቁጭ አልኩ። ያቺ ወደ ታች የምትወርደዋ ሳትመጣ ምን ያስነሣኛል? አንተ ደግሞ ታስጀምርና ትቆርጠዋለህ።»

ይህን ብለው ቀሪውን በአፍንጫቸው አንጎራጎሩለት። ወደ ታች የምትወርደዋ ላይ ሲደርሱ ነጩም ላይ ሳይሆን፣ ጥቁሩም ላይ ሳይሆን፣ እሱ ራሱ ያስቀመጣት ቦታ ላይ አሳረፏት። ለካስ አተሩ ሲፈለፈል ጆሯቸውም አብሮ ሲለቅም ከርሟል። እሱ መሰላሉን ትቶ አጠገባቸው ቁጭ አለ። ነርሷ አማቱን ወደ ወረፋው መጨረሻ ስላዛወረቻቸው፣ ደወሉ በጮኸ ቁጥር ሕዝቡ ብድግ ቁጭ ሲል ሁለቱ እንደተቀመጡ ቆዩ። አማቱ ከየደወሉ በኋላ የተቆረጠውን ይሞላሉ።

በመጨረሻ ገቡ። ሐኪሙ ዓይናቸውን አገላብጦ አይቶ፣ ሞራው በቀላሉ ይወጣል፣ እንደ ልጅነታቸው ያያሉ አለ። ከዚያ፣ ነርሷ ነግራው ኖሮ፣ እሱን ወደ ጎን ሳብ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጆሯቸውንም ብታሳያቸው ጥሩ ነው። ያንን ደወል ያልሰማ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመንም።»

እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው ሊያዞር ሞከረ፤ ሳቁ ቀደመው። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ነርሷ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

ወሬው ቀድሞት ካርድ ክፍል ደረሰ፤ ከዚያም መድኃኒት ቤቱ። የጥገናው ሰውዬ አማቱ ደንቁረዋል ሲባል በደስታ ሳቀ አሉ፤ አይ የዘንድሮ አማች። አስተዳዳሪዋ እንኳ ኮሪደሩ ላይ ሲያልፉ በትዝብት ገረመሙት። ማስተባበል ይችል ነበር። ግን ቅዳሜ እየደረሰ ነው፤ አማቱ ደግሞ ያቺን ወደ ታች የምትወርደዋን ትንሽ አስረዝማት ብለውታል። ይህን የታዘዘ ሰው ለሐሜት ጊዜ ከየት ያመጣል?