የገመዳ መንኮራኩር

ከኢምፔሪያል በቀለበት መንገዱ ወደ ቦሌ ሚካኤል ስትመጣ እስቲ ቀና ብለህ ተመልከት። ፎቁን ተወው፤ ፎቁንማ ማንም ያየዋል። በባሕር ዛፍ መወጣጫ በታጠሩት ሁለት ሕንፃዎች መካከል፣ ከቆርቆሮ ጣሪያዎቹ በላይ ብቅ ያለችውን ክብ ብረት እያት። ስምንት ወንበር አላት፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቢጫ፣ ቀለም እንደተገኘ የተቀባ። ሰው አሳፍራ ሽቅብ እንድትሽከረከር የተሠራች መንኮራኩር ናት። የሠራት ገመዳ ጎበና ነው፤ የፎቅ በርና መስኮት ሲበይድ የሚውል፣ ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ትምህርት ቤት ያላየ በያጅ።

ነገሩ የተጀመረው በአባቱ ነው። ኦቦ ጎበና ጤፍ ያርሱበት የነበረው መሬት ከሚሊኒየሙ ወዲህ ፎቅ በፎቅ ሆኗል። አንድ ቀን፣ ማሳዬ የት ጋ እንደነበረ ከላይ ሆኜ ባየው አሉ። ገመዳም መስኮቱን ራሱ ወደ በየደለት ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ወሰዳቸው። ጥበቃው ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸውና ጉዳይ የሌለው ሰው አይገባም አለ። ጉዳይ! ሰባ ዓመት የኖሩበትን መሬት ከማየት የሚበልጥ ምን ጉዳይ አለ? ይህች ከተማ በየቀኑ ፎቅ ትወልዳለች፤ አራሹን ግን ደረጃው ሥር ታስቆመዋለች። እኛም አይተን እናልፋለን።

ገመዳ አላለፈም። ጎረቤቱ ማኅደር በምትሸጣቸው አሮጌ መጻሕፍት መሐል፣ በአንድ የፈረንጅ የልጆች መጽሐፍ ላይ የመንኮራኩር ሥዕል አይቶ ነበር። ጥበቃ የለ፣ ሊፍት የለ፤ ሰው አየር ላይ ተቀምጦ ከተማውን ቁልቁል ያያል። ለኅዳር ሚካኤል አባቴን አወጣቸዋለሁ ብሎ ተሳለ።

ከየሕንፃው የተረፈ ቱቦላሬ ለቃቀመ፤ ከአሮጌ መኪና ኩሽኔታ አወጣ፤ አራት ወር ሠራ። ወንበሮቹን ልክ ሥዕሉ ላይ እንዳሉት ቀጥ አድርጎ ከክቡ ጋር በየዳቸው። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ፣ አሸዋ የተሞላ ጆንያ ተጭኖ፣ መንኮራኩሩ ዞረ። ከታች የተነሣው ወንበር ከላይ ሲደርስ ተገለበጠና ጆንያውን ዘረገፈው።

«ገሜ፣ አባትህን እንደ ጤፍ ልትዘራቸው ነው?» አለ ጎሚስታው ፊሊጶስ። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ።

ገመዳ ሁለት ቀን ከቤት አልወጣም። በሦስተኛው ማኅደር ያንኑ መጽሐፍ ይዛ መጣች። እሷ የምትሸጠውን ሁሉ የምታነብ ሴት ናት። ደራሲዎች መንኮራኩር ለምን እንደሚወዱ ነገረችው፦ ፍቅሩን መናገር ያቃተውን ወጣት ከልጅቷ ጋር ያስቀምጡታል፣ ጫፍ ላይ ያቆሙታል፤ ተነሥቶ መሄድ ስለማይችል ሳይወድ በግድ ይናገራል። ገመዳ ሳቀ። ያኔ መጽሐፉን ገለጠችለት።

«ይቺ ቀይ ወንበር እዚህ ከታች ናት» አለችው። «ቀጣዩን ገጽ እየው፤ እዚህ ደግሞ ከላይ ናት። ልጅቷ ግን አልተገለበጠችም።»

ለካ ያየው አንዱን ገጽ ብቻ ነበር። ሁለቱን ሲያመላልስ ቆየ።

«ባልዲ» አለ በመጨረሻ። «እጀታው ላይ እንደተንጠለጠለ ባልዲ ነዋ።»

ብየዳውን ቆርጦ ወንበሮቹን በብሎን አንጠለጠላቸው። ጆንያው ወጣ፣ ዞረ፣ አንዲት ፍሬ አሸዋ ሳያፈስ ወረደ። የገፋው ፊሊጶስ ራሱ ነበር። ኦቦ ጎበና ተራዬ መቼ ነው አሉ።

ተራቸው ግን ገና ነው። ከወረዳ አንድ ሰው መጥቶ፣ መሐንዲስ ሳይፈርምበት ማንም እንዳይወጣበት ብሎ ሄደ። ገመዳ አልተቆጣም፤ ብረት የሚያውቅ ብረት ይፈራል። የሚያስቆጣው ሌላ ነው፦ በየፎቁ ሥር ቢጫ ቆብ የደፋ መሐንዲስ ሞልቶ፣ ሰባቱን ለምኖ ሰባቱም ጊዜ የለንም አሉት። ለዘጠኝ ፎቅ ጊዜ አለ፤ ለአንድ ሽማግሌ የለም።

በዓሉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ገመዳ ጠዋት ጠዋት ኩሽኔታውን ግራሶ ይቀባል። አባቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩታል።

«አባባ፣ ጫፍ ላይ ሲደርሱ አይፈሩም?»

«የገዛ ማሳዬን ሳይ ምን ያስፈራኛል?»

አንተ ይህን የምታነብ፣ መሐንዲስ ከሆንክ ወይም መሐንዲስ ወንድም ካለህ፣ ከኅዳር ሚካኤል በፊት አንድ ቅዳሜ ና። ብሎኑን ፈትሽ፣ ብየዳውን መርምር፤ የጎደለ ካለ ንገረው፣ ያስተካክለዋል። ልብህ ሲያርፍ ፈርምና እኚህን አዛውንት አውጣቸው።