ሆዱ የሚከፈት ላፕቶፕ

ከባለቤቴ ጋር የመጨረሻ የሠራነው ሥራ ላፕቶፓችን ላይ ሜሞሪ መጨመር ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት፣ መካኒሳ ቤታችን፣ አልጋው ላይ ንጹሕ አንሶላ ዘርግተን። እሱ ብሎን ይፈታል፣ እኔ በስኒ ማስቀመጫ እቀበላለሁ። መልሶ ሲገጥም አንዲት ብሎን ተረፈች።

«ይቺስ?» አልኩት።

«የፋብሪካው ምራቂ ናት» አለና ኪሱ ከተታት።

ላፕቶፑን አሮጌ መሆኑን እያወቀ የገዛው ሆዱ በተራ ካቻቢቴ ስለሚከፈት ነው። «ለቡ ሰፈር ሰው ቤት እንዴት ይሠራል? መጀመሪያ አንድ ክፍል፣ ከዚያ ሰርቪስ፣ ከዚያ አጥር። እኛም ዘንድሮ ሜሞሪ፣ ለከርሞ ዲስክ» ይል ነበር። የሰው ጽሑፍ እየተየብኩ የምተዳደረው በዚያ ላፕቶፕ ነበርና፣ በፈጠነ ቁጥር ደስታው የእኔ ነበር።

ለከርሞ አልደረሰም። በሳምንቱ ድንገት ታሞ ሞተ።

ለቅሶ ደራሹ ቦታ እንዲያገኝ ጎረቤቶች የሳሎኑን ዕቃ ጓዳ ወስደው ቆለሉት። ላፕቶፑም ከድስት ጋር ሲጋጭ ሰነበተ። ሰው ሲቀንስ ብከፍተው ጢጥ ጢጥ ይላል እንጂ ስክሪኑ አይበራም።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ሊጠይቁኝ መጥተው ስታገል አዩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም።

«እህቴ፣ ይኼ አብቅቶለታል። ወስጄ የሚያወጣውን ላምጣልሽ» አሉ።

ላፕቶፑ ከሄደ እንጀራዬም አብሮ ሊሄድ ነው።

«ጋሼ፣ ምሳዎን እስኪጨርሱ ይታገሡኝ» አልኩና ካቻቢቴውን አመጣሁ።

አጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤቴ፣ «ልጄ፣ ከል ለብሰሽ ብሎን ልትፈቺ?» አሉ። ብሎኖቹን ግን በነጠላቸው ጫፍ ተቀበሉኝ።

«ተይ ግድ የለሽም» አሉ ጋሼ እየጎረሱ፤ «ወንድሜም የአባታችንን ሬዲዮ ሲፈታ እንዲሁ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ዜና አልሰማንበትም።»

ሜሞሪው ከቦታው ተነቅሎ አገኘሁት። ጠርጌ ቀጭ እስኪል ተጫንኩት። ክዳኑን ገጥሜ አስነሳሁት፤ ስክሪኑ በራ።

«እልልል!» አሉ ጎረቤቴ። ወዲያው ለቅሶ ቤት መሆናቸው ትዝ አላቸውና አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። መጀመሪያ የሳቁት ጋሼ ናቸው። ቀጥሎ እኔ ሳቅሁ፤ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

«በይ እሺ፣ የትም አይሄድም» አሉ ጋሼ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

አሁን ጠዋት ጠዋት በዚያው ላፕቶፕ የሰው ማመልከቻ እተይባለሁ።