በሩ ተዘግቶ የተፈተለ ክር

ባለቤቴ ሸማኔ ነበር፤ የዶርዜ ልጅ። በእኛ ዘንድ የሥራው ድርሻ የታወቀ ነው፤ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ወንድ ልጅ እንዝርት ይዞ ከታየ የሰፈር መሳቂያ ይሆናል። ወደ ሲኬላ ከተማ ወርደን ቤት ተከራይተን፣ እግር የሚገባበትን የሽመና ጉድጓድ ከበሩ አጠገብ ከቆፈርን በኋላም ይህ አልተለወጠም።

እጄ እምቢ ያለኝ ባገባን በሁለተኛው ዓመት ነው። ገና ሃያ አምስት አልሞላኝም። ጠዋት ስነቃ ጣቶቼ ተኮራምተው፣ አንጓዎቼ በግራም በቀኝም አብጠው አገኛቸዋለሁ። የጀሪካን ክዳን መክፈቱ፣ ቀሚስ መቆለፉ፣ ጸጉር ማበጠሩ፣ ሁሉም ፀሐይ ከፍ እስክትል ይጠብቀኛል። መጀመሪያ ወጌሻ ዘንድ ሄድን። ወጌሻው የወለቀ መስሎት በቅቤ እያሸ ጎተተው፤ ያን ቀን የጮኽሁትን ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። አንዳንዱ "ጎሜ ነው" አለ፤ ነውር የነካ ሰው ላይ የሚመጣ መዘዝ ማለቱ ነው። ሌላው ደግሞ "ቁርጥማት የአሮጊት ነው፤ ይቺ ሥራ ጠልታ ነው" አለ። ይኸኛው ከወጌሻው ይበልጥ አመመኝ።

ቆይቶ ሆስፒታል ደረስኩ። ደሜ ተመርምሮ ሐኪሟ "የመገጣጠሚያ ብግነት ነው" አለችኝ። "ሰውነትሽ ራሱን በራሱ እየወጋ ነው። ወጣትም ይይዛል።" መድኃኒቱን ጀመርኩ፤ ሕመሙም በረደ። የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች ግን አስቀድመው ጠምመው ነበር። እንዝርት ማሾር አልቻሉም።

አንድ ቀን ባለቤቴ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። የተባዘተውን ጥጥ ይዞ ተቀመጠና እንዝርቱን አነሣ።

"ምን ልትሆን ነው?" አልኩት።

"ልፈትል።"

"ሰው ቢያይህስ?"

"ለዚህ አይደል የዘጋሁት! ይልቅ ንገሪኝ፤ ለምንድነው የሚበጠሰው?"

"ስለምትጎትተው ነዋ። ጥጥ እኮ በሬ አይደለም።"

እኔ በአፌ፣ እሱ በእጁ ሆነን ፈተልን። እየዋለ እያደረ ክሩ ከእኔ ክር ቀጠነ። ሸማውን ያየ ሁሉ ፈትሉን የእኔ ያደርገው ነበር፤ እኔም ለባለቤቴ ክብር ስል ዝም እላለሁ። በሰፈራችን በፈትል የታወቁ አንዲት እናት አሉ። ከእኛ የገዙትን ነጠላ በጣታቸው እየዳበሱ "ይህን የፈተለች እጅ ትባረክ" ይሉኛል። እኔም "አሜን" እላለሁ። ቤት ገብቼ ስነግረው እሱ ሁለት እጁን ዘርግቶ "አሜን!" ይላል፤ ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን።

ባለፈው ዓመት በአጭር ሕመም ሞተብኝ። ሸማ መሥሪያው ላይ ጅምር ጋቢ ተወጥሮ ቀረ። እንዝርቱን ከዐይኔ ሸሸግሁት። ሳቄም አብሮት የሄደ መሰለኝ።

በዚህ መሐል የእኚያ በፈትል የታወቁት እናት ልጅ አገባ። እሱም ሸማኔ ነው፤ ሙሽራዋ ከኦቾሎ የመጣች ልጅ ናት። እሑድ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ጸሎት ላይ አየኋት። ሌላው ለመዝሙሩ ሲያጨበጭብ እሷ በእጇ ጀርባ ጭኗን ቀስ ብላ ትመታለች። ያን አመታት አውቀዋለሁ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ጸሎቱ ሲያልቅ አማቷ ተነሡ። "እህቶቼ፣ ለምራቴ ጸልዩላት። የስንፍና መንፈስ ይዟታል። እንዝርት ስሰጣት ታለቅሳለች። ነገ ደግሞ ወጌሻ ዘንድ እወስዳታለሁ፤ ወልቆም እንደሆን ይጎትትላት።"

"እማማ፣ አይውሰዷት" አልኩ፤ ሳላስበው ቆሜያለሁ። "ሆስፒታል ነው የሚያስፈልጋት። የያዛት የእኔ በሽታ ነው።"

"ያንቺማ ምን በሽታ ነው? እንዲያ እያልሽም ከሁላችን አሳምረሽ ፈተልሽ።"

እውነቱን ካልተናገርኩ ልጅቱ ነገ ትጎተታለች፤ ከተናገርኩ ደግሞ መቃብር ውስጥ ባለ ባሌ ሊሳቅ ነው።

"እኔ አልፈተልኩም" አልኩ። "የፈተለው ባሌ ነው።"

ሳቁ ጣሪያውን ነካ። "ወንድ ልጅ?" አለች አንዷ። "ቀሚስሽንም ታውሺው ነበር?" አለች ሌላዋ ከኋላ።

እኔ ግን አልተቀመጥኩም። "እማማ፣ የለበሱትን ነጠላ ይንኩት። የእሱ ክር ነው። ስንት ጊዜ መረቁት!"

ጠርዙን በሁለት ጣታቸው ያዙት፤ ክር እንደሚመረምር ሰው አሻሹት። ሳቁ ቆመ። ያኔ የጠመሙ ጣቶቼን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። "በጊዜ ታክሜ ቢሆን እነዚህ እንዲህ አይሆኑም ነበር። የእሷ ገና ቀጥ እንዳሉ ናቸው።"

እናትየው ወደ ምራታቸው ሄደው እጇን ያዙ። ልጅቱ ጥርሷን ነከሰች። አሮጊቷ እጇን ሳይለቁ ወደ እኔ ዞሩ። "ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ በማን ፈንታ ነው አሜን ስትዪ የከረምሽው?"

"እሱም ቤት ሆኖ ይል ነበር።"

ዳግመኛ ተሳቀ፤ ይህኛው ሳቅ ግን ባሌን አቅፎት ነበር። "ነገ ሆስፒታል" አሉ እማማ። "መንገዱን አንቺ ታሳይናለሽ።" በማግሥቱ ሦስታችን በአንድ ባጃጅ ተጫንን።

ዛሬ በየወሩ ከጸሎቱ በኋላ ትንሽ ጊዜ ይሰጠኛል። ከሴቻም ከዶርዜም የሚመጡ አሉ። ጠዋት እጁ አልዘረጋ ያለውን ወጣት ሰነፍ አትበሉት፣ አንጓው አብጦ ከሰነበተ ሐኪም ይየው እላለሁ። ጣቶቼንም አልሸሽግም። እንዝርቱንም አውጥቼ ጅምሩ ጋቢ አጠገብ ሰቅየዋለሁ።

በቀደም ጠዋት በእማማ ቤት በኩል አለፍኩ። መድኃኒቷን በጊዜ የጀመረችው ምራታቸው ቀጥ ባሉ ጣቶቿ ልብስ ታሰጣለች። ልጃቸው እሷን ከፈትል ሊያሳርፍ ደጃፉ ላይ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ እንዝርት ያሾራል። ክሩ እንደ ገመድ ወፍሯል።

"ቀጭን አድርገው እንጂ!" ይጮኹበታል እናቱ። ሲያዩኝ ጠሩኝ። "አንቺ፣ ነይ እስቲ ንገሪው! ያንቺው እንዴት ነበር የሚያደርገው?"

"አትጎትተው" አልኩት። "ጥጥ እኮ በሬ አይደለም።"

ከራሴ አፍ ሲወጣ ሰማሁትና ሳቅኩ፤ እንደ ድሮው፣ ሆዴን ይዤ።