በእግራችሁ ኑ የተባሉት ሽማግሌዎች

ቦንጋ ውስጥ ሁለት ነገር ያናድደኝ ነበር፤ ያለቦታው የቆመ መኪናና ያለቦታው የገባ «አንጻር»።

ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት ናት። ሾፌር መኪናውን ሲያቆም ከጎማው ሥር ድንጋይ ይወትፋል፤ ሲነሳ ግን ድንጋዩን እዚያው ጥሎት ይሄዳል። ከኋላ የሚመጣው ባጃጅ ይዘልበታል፣ እግረኛ ይደናቀፍበታል፣ የሚያነሳው የለም። «አንጻር» ደግሞ የቢሮ ልጅ ነው። ዘመኑ የግምገማና የስብሰባ ዘመን ነበርና ከአዳራሽ የሚወጣው ሰው ሁሉ የእናቱን ቋንቋ እዚያ ረስቶ ይመጣል። ውሃ ጠፋ አይባልም፤ «ከውሃ አቅርቦት አንጻር ክፍተት አለ» ይባላል። ጓደኛዬ እንኳ ሻይ ልንጠጣ ስንቀጣጠር «አቅጣጫ እናስቀምጥ» ይለኛል። እኔ ግጥም እየጻፍኩ፣ እየቀደድኩ፣ እንደገና እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነበርኩ፤ አንዲት ቃል ስትንገላታ ጥርሴን ያመኛል።

ሁለቱም ንዴቶቼ በአንድ ሰው ላይ ተገናኙ።

የተከራየኋት ክፍል በአንዲት ኮረሪማ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነበረች። እትዬ እላቸዋለሁ። ከደጃፋቸው ፊት ያለውን ቦታ ጠጠር አስደፍተው ደልድለውታል፤ ሸራ ዘርግተው ኮረሪማ የሚያሰጡት እዚያ ነው። ቦንጋ ላይ ፀሐይ ጎራ ብላ የምትሄድ እንግዳ ናት፤ ብቅ ባለች ጊዜ ካልተጠቀሙባት ኮረሪማው ይሻግታል። ችግሩ፣ በዚያ ሰፈር ሜዳ የሆነችው ቦታ ያቺ ብቻ ስለሆነች መኪና ሁሉ ይወዳታል። ከሁሉ አብልጠው የወደዷት ማዶ ባለው ቢሮ የሚሠሩ ኃላፊ ነበሩ። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ለለቅሶ ከዘመድ ቀድመው የሚደርሱ ሰው ናቸው። ጠዋት ነጩን ደብል ጋቢና ራሳቸው እየነዱ መጥተው እዚያ ይገትሩታል። የመኪናው ጥላ ሸራው ላይ ይጋደማል። እትዬ ከጥላው እየሸሹ ሸራቸውን ሲጎትቱ ይውላሉ።

እትዬ አፋቸውን የፈቱት በከፋዎች ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ነው። አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ስለሆነ ለሹምም ለሸማችም «አንተ» ነው የሚሉት፤ ማንም አይቀየማቸውም።

«ኧረ ፀሐዬን ወሰድክብኝ!» ይላሉ።

«አይዞዎት እናቴ፤ ከመኪና ማቆሚያ አንጻር ያለውን ክፍተት በአጭር ጊዜ እንቀርፈዋለን።»

«ምን ዛፍ አለና ነው የምትቀርፈው? መኪናውን አንሳ!»

ኃላፊው ከልባቸው ይስቃሉ። ከዚያ ወደ ስብሰባ ይገባሉ።

እትዬ አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ። ሺሺንዳ ከተማ ከሚያስተምር ወጣት ጋር እንደሚዋደዱ ከእናቷ በቀር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንድ ቀን በሬን ሳታንኳኳ ገባች።

«ጉድ ፈልቷል! የእሱ ቤተሰቦች ሽማግሌ ሊልኩ ነው።»

«ታዲያ እልል አይባልም እንዴ?»

«ማን እንደሚመራቸው ጠይቀኝ እስቲ። ባለ ጥላው!»

የሺሺንዳ ሰዎች የእኛን ሰፈር ጦርነት ከየት ያውቁታል? ቦንጋ ከተማ ትልቅ ሰው ቢልኩ የሚከበሩ መስሏቸዋል። ሳቄ አመለጠኝ። እሷ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ትስቃለህ? እማዬ አንድ ጊዜ እምቢ ካለች አለቀ፤ አትመልሰውም። ሽማግሌ ይቀየር ብል ደግሞ ሰውየውን ማዋረድ ነው። እባክህ ሂድና ንገራቸው። መኪናውን ሌላ ቦታ ያቁሙ። ደግሞ እንደ ሰው ይናገሩ።»

ሄድኩ። ኃላፊው በትዕግሥት አዳመጡኝ፤ እጄንም ጨብጠው፣ «ገንቢ አስተያየት ነው፤ ግንዛቤ ወስደንበታል» አሉኝ። ተስፋዬ እዚያው ሞተ።

እሑድ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ነጩ መኪና መጥቶ ያቺው ቦታ ላይ ቆመ። ኃላፊው ሁለት አዛውንት ደግፈው አወረዱና ገቡ። እኔና ልጅቷ ከጓዳ መጋረጃ ጀርባ ነበርን። እትዬ ተቀመጡ ሲሏቸው፣ በደንቡ መሠረት፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የዛሬው አመጣጣችን ዋና ዓላማ፣ ሁለቱን ወጣቶች በጋብቻ ከማስተሳሰር አንጻር…»

ልጅቷ ክንዴን ጨመደደችው።

«ጨረስክ?» አሉ እትዬ።

«መግቢያው ነው እናቴ።»

«እንግዲያው ሂዱና በሚመጣው እሑድ ተመለሱ። በእግራችሁ ኑ። ልጅ የሚለምን ሰው ደጅ ይጠናል እንጂ ደጅ አይዘጋም።»

ሽማግሌ መጀመሪያ ቀን መመለሱ ያለ ነው፤ በእግራችሁ ኑ ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም። ሳምንቱን ልጅቷ እህል አልቀመሰችም ማለት ይቻላል። እናቷን ቀና ብላ ማየት ፈርታ ከሥራ ስትመለስ በጓሮ በኩል ትገባለች። እትዬ እንደ ወትሯቸው ኮረሪማቸውን ያሰጣሉ። መኪናው ሌላ ቦታ መቆም ጀምሮ ነበር፤ መሻሻል ይሁን ኩርፊያ ማን ያውቃል? ኃላፊው ተቀይመው ቢቀሩስ? ብዬ እኔም መስጋት ጀመርኩ።

እሑድ ዝናብ ጣለ፤ የቦንጋ ዝናብ። ሦስቱ ሰዎች በአንድ ጃንጥላ ዳገቱን ሲወጡ በመስኮት አየናቸው። ኃላፊው ጃንጥላውን ለሁለቱ አዛውንት ይዘው ራሳቸው ከውጭ ቀርተዋል። ሱሪያቸው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ገብተው ቆሙ። ከጸጉራቸው ውሃ ይንጠባጠባል፤ ዳገቱ ትንፋሻቸውን ወስዶታል።

«ከ…» ብለው ጀመሩና ዋጡት።

ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«እትዬ፣ ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን» አሉ። «ደግ ልጅ ነው። እኔም ሴት ልጅ አለችኝ፤ እሷን ቢጠይቀኝ ሳልፈራ እሰጠው ነበር።»

እትዬ ከጭቃማው ሱሪያቸው እስከ ረጠበው ጸጉራቸው አዩአቸው።

«ሰጥቻለሁ» አሉ። «አሁን ቁጭ በል፤ ደክሞሃል።»

ልጅቷ ጀርባዬን በጡጫ ደለቀችኝና አፏን በሁለት እጇ አፍና ወደ ጓሮ ሮጠች። ተከትያት ስወጣ ዝናቡ መሐል ቆማ እየሳቀች ታለቅሳለች። ከውስጥ የእናቷ ድምፅ መጣ።

«አንቺ! ፎጣ አምጪ እንጂ፤ ሰዎቹ በብርድ ሊሞቱብን ነው!»