ወተት ያለበት ክኒን

እንደሻው ያኘኩትን ክኒን መዳፋቸው ላይ ተፉት። ጣፈጣቸው። የኮሶ መድኃኒት እንዴት ይጣፍጣል? መነጽራቸውን አድርገው በካርቶኑ ጎን በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አነበቡ። ላክቶስ የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጊዜው ሁዳዴ ነው።

እንደሻው ጡረታ እስኪወጡ የስልክ መስመር ጠጋኝ ነበሩ፤ በጀጎል ግንብ ውስጥ ያልገቡበት ግቢ የለም። አሁን ማንም ግባ አይላቸውም። ሚስታቸው ገላነሽ ከሞተች ወዲህ ገናንም ሸዋ በር ካለ ሥጋ ቤት ብቻቸውን ጥሬ ሲቆርጡ ዋሉ። ኮሶ የታየባቸው ከዚያ በኋላ ነው። ሱሪያቸውን በገመድ ማሰር ጀምረዋል።

ክኒኑን ወደገዙበት ወደ ፈረስ መጋላ አደባባይ ተመለሱ። ባለ መድኃኒት ቤቷን ነጂባን ካርቶኑን አሳዩዋት።

«ይሄ ላክቶስ ምንድን ነው?»

«ከወተት የሚወጣ ስኳር።»

«ትሉን የሚገድለው እሱ ነው?»

«ኧረ አይደለም ጋሼ! ገዳዩ ኒክሎሳማይድ ነው። ስታርቹ፣ ቫኒላው፣ ላክቶሱ ክኒኑ እንዳይፈርስና እንዳይመር የገቡ ናቸው። ሙሽራው አንድ፣ ሚዜው ብዙ።»

«ሚዜው ጾም ካስገደፈኝስ?»

ሳቀች። «ወላሂ፣ ኮሶውን ራሱን ቢጠጡ ይሻልዎት ነበር። እሱ ወተት የለበትም።»

«የምትወቅጥልኝ ሞታለች።»

ነጂባ ሳቋን ዋጠች። «ሌላ ዓይነት የለኝም። እስከ ፋሲካ ይቆይ እንዳልልዎት በጣም ከስተዋል። የተፉትን እተካልዎታለሁ፤ ቄስዎን ይጠይቁ።»

ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። የንስሐ አባታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ሌላ አልያዙም። የንስሐ አባት ቤት ይመጣል፤ ጠበል ረጭቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ እንዴት ሰነበትክ ይላል። እንደሻው ያን ጥያቄ ሸሽተው ኖረዋል።

ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አንድ ወጣት ቄስ አገኙ፤ ቄስ ኒቆዲሞስ ይባላሉ። ካርቶኑን ዘረጉላቸው። ቄሱ አላነበቡትም።

«ለደዌ ከሆነ መድኃኒት ነው፤ እግዚአብሔር ይፍታዎ፣ ይዋጡት። የንስሐ አባትዎ ማን ናቸው?»

«አርፈዋል።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ማንም የለ።»

«ቤትዎ በየት በኩል ነው?»

እንደሻው መንገዱን በእጃቸው አመለከቱ። ገላነሽ ከሞተች ወዲህ ቤታቸውን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ክኒኑን አኝከው ዋጡ። ትሉ ወጣ። ቄስ ኒቆዲሞስ በሳምንቱ መጥተው ጠበል ረጩ፤ አብረው ሽሮ በሉ። በሰኔ ቄሱ ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ፤ እንደሻውም እንደገና ጠያቂ አጡ።