የሰባተኛው ወር ትኩሳት

ሴት ልጄ በወሯ ፈገግ አለች። ባለቤቴ «ኧረ አወቀችኝ!» ብሎ ጮኸ። እኔ ግን ደስታው ሳይደርሰኝ ሌላ ፊት ድቅን አለብኝ። ወንድሟም በወሩ ነበር ፈገግ ያለው።

የመጀመሪያ ልጃችን በሰባት ወሩ፣ በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ነው የሞተብን። መተማ ዮሐንስ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሁለቱንም ታቅፌአለሁ። ባለቤቴ ትራክተር ነጂ ስለሆነ በእርሻ ወራት በረሃ ይከርማል፤ እዚያ ደግሞ ስልክ አይሠራም።

እሷ እያደገች ስትሄድ እኔ ወደ ኋላ ስቆጥር ከረምሁ። አንገቷን ከሱ ቀድማ አጸናች። ስትቀድመው ቅር ይለኝ ነበር፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በመገልበጡ ደግሞ ዘገየች፤ ያን ጊዜ ምን ነካት ብዬ ስሰጋ ዋልሁ። በአምስት ወሯ ባለቤቴ የልጁን ልብስ ከሻንጣ አውጥቶ «ትልበሰው፣ ልብሱ ምን አደረገ?» አለኝ። አለበስኋት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ስትተኛ ግን እሱን ራሱን አየሁት፤ ወዲያው አወለቅሁት።

ስድስት ወር ሲያልፋት ወሯን መናገር ተውሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «ገና ናት» እላለሁ። ቀትር ላይም ቢሆን ከአጎበር አላወጣትም ነበር። አንድ ቀን ባለቤቴ ላቧን አይቶ «በሙቀት ልትገድያት ነው እንዴ?» አለና ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ደነገጠ። ተነስቶ ወደ ውጭ ወጣ። በሳምንቱ ለእርሻ ወረደ።

አጥር የሚያዋስነን ከሳንጃ የመጡ፣ ስድስት ልጅ ያሳደጉ እናት ናቸው። በሰፈሩ ልጅ የታመመበት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራው እሳቸውን ነበር። የመጀመሪያ ልጄን ያተኮሰው ጊዜ እኔም ጠራኋቸው። ድዱን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው «ጥርስ ነው ልጄ፣ አብጧል። ይለቀዋል» አሉኝ። ድዱ እውነትም አብጦ ነበር፤ አመንሁ። ሁለት ቀን ጠበቅሁ። በሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ስደርስ ወባው ወደ ጭንቅላቱ ወጥቷል አሉኝ። ግማሽ ቀን እንኳ አልቆየልኝም። ሴትየዋ ለቅሶው ላይ ከሰው ሁሉ አብልጠው አለቀሱ፤ ስለዚያ ነገር ግን እሳቸውም አላነሱ፣ እኔም አላነሳሁ። ልጅቷ ስትወለድ መጥተው መርቀዋት ሄዱ፤ አላቀፏትም።

በሰባተኛው ወሯ፣ ዝናብ አባርቶ ፀሐይ በወጣበት አንድ ረፋድ፣ ጡት እምቢ አለች። ለሃጯ ይዝረበረባል። ግንባሯን ስነካው ይፋጃል። ከንፈሯን ገለጥ ባደርገው ድዷ አብጧል። ታቅፌአት ደጃፉ ላይ ቆምሁ።

ሴትየዋ በአጥሩ በኩል አዩኝና መጡ።

«ምን ሆነች?»

«አተኮሳት» አልሁ።

ግንባሯን ዳሰሱ። ጣታቸው ወደ አፏ ሊሄድ ሲል መልሰው ሰበሰቡት።

«ነጠላሽን ያዢ። ባጃጅ አስቆማለሁ።»

ባጃጁ ጉምሩክ ከሚጠባበቁት የጭነት መኪኖች መሀል እየተሹለከለከ ይሄዳል። ድንገት እሳቸው ወደ ውጭ እያዩ «እኔ ነኝ እኮ ጥርስ ነው ያልሁሽ» አሉ። «ያን ድምፄን ስሰማው ነው የምውል።»

«ያመንሁትም እኔ ነኝ፣ እማማ» አልኋቸው።

ጤና ጣቢያ ደማችንን እንደሰጠን አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ማለቴ የልጅቷን ደም፤ እኔ ግን የተወጋሁት ራሴ መሰለኝ። ሴትየዋ የነጠላዬን ጫፍ ጨብጠው አልለቀቁም። አንዲት ወጣት ነርስ ወረቀት ይዛ መጣች።

«ወባ የለባትም» አለች። ቀጥላም ጓንቷን አድርጋ የልጅቷን አፍ ከፈተችና ሳቀች። «ጥርስ ነው! ይኸው ጫፉ ወጥቷል።»

ሁለታችንም አልሳቅንም።

«ልጄ፣ ደሙን አንዴ ደግመሽ እይልን» አሉ ሴትየዋ። ነርሷ ፊታችንን አየችና ምንም ሳትጠይቅ ደገመችው። አሁንም የለባትም። «ትኩሳቱ ካልለቀቃት ነገ በጠዋት አምጧት» አለችን። በማግስቱ በረደላት። እኛ ግን ወሰድናት።

ያን ቀን ያለቀስሁት ስለዳነች ብቻ አልነበረም። ያኔ ለልጄ የተባለውን ቃል ነው የሰማሁት፤ አሁን እውነት ሆኖ፣ ለእህቱ።

ሰባተኛው ወር አለፈ። እሱ የሞተበትን ዕድሜ ስታልፍ እፎይ እላለሁ ብዬ ነበር። በስምንተኛው ወር ግን አንድ ጠዋት ልጅቷ በሆዷ ተጎትታ ተጎትታ በእጅና በጉልበቷ ተነሳች። እንደልማዴ እሱ በስንት ወሩ እንዲህ እንዳደረገ ለማስታወስ ሞከርሁ። ምንም የለም። እሱ ድኾ አያውቅም። ከዚህ ወዲያ አብሯት የሚያድግ ልጅ አልነበረኝም፤ ሁለተኛ የቀበርሁት መሰለኝና ወለሉ ላይ ቁጭ አልሁ።

ባለቤቴ የዚያን ዕለት ከሰዓት ከእርሻ ገባ፤ ቦት ጫማው በጥቁር ጭቃ ተለውሷል።

«ይሄን መቼ ጀመረች?» አለ በሩ ላይ ቆሞ።

«ዛሬ።»

«እሱስ…» ብሎ ጀመረና ተወው። አጠገቤ ተቀመጠ። ልጅቷ ሁለታችንንም ትታ በሩን አይታ መዳህ ጀመረች። ደፉ ጋ ልትደርስ ስትል ባለቤቴ ተነስቶ በሩን ገርበብ አደረገው።